ፈንገሱንም ገዳዩንም በአንድ ፌስታል ሸጠልኝ

መቂና ባቱ አካባቢ ቲማቲም የምትተክሉ ስሙ። ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሰዓት አልሞላኝም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋውን ለብሶ ባንኮኒ ላይ ቆሞ፣ ችግራችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ የሚያወርደው።

ቲማቲሜ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል። ውሃ ያነሰው መስሎኝ ስንት ቀን ሞተር አስነስቼ ነዳጅ ጨረስኩ። በኋላ ጎረቤቴ አንዱን ነቅሎ አሳየኝ፤ ሥሩ እንደ ዝንጅብል አባብጧል። ኔማቶድ፣ ሥር ውስጥ የሚገባው ደቃቅ ትል።

"ጋሼ፣ ኬሚካሉን ይተዉት" አለኝ ሰውዬው። "ይሄ ሕያው ፈንገስ ነው፤ የትሉን እንቁላል ገብቶ ይበላዋል።" ይህስ እውነት ነው፣ ፑርፑሪዮሲሊየም የሚባለው ፈንገስ ሥራው ይኸው ነው። ስድስት ፓኬት፣ 9,600 ብር። ፌስታል ውስጥ ሲከትልኝ ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ጨመረበት፦ "ሥር አበስብስ እንዳይመጣብዎ አንድ ላይ በጥብጠው ያጠጡት፤ ለሠራተኛ ሁለቴ ከሚከፍሉ።"

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ዛሬ፣ ሳይሻለው የተነቀለውን ቲማቲም በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ያደረገው አፈሩን መጥረግ ነው።

"ከምን ጋር በጠበጥከው?" ያን ቀን "እርስዎ" ነበርኩ።

"አንተው ከሰጠኸኝ ማንኮዜብ ጋር።"

ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ዞረ። "ሰማሽ? ፈንገሱን በፈንገስ መድኃኒት ገድሎ እኛን ሊከስ መጣ።" ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ፓኬት አንስቶ ገለበጠና በጥፍሩ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ አሳየኝ፦ ከፈንገስ ማጥፊያ ጋር አይቀላቀልም። "ማንበብ ነው እንጂ!"

ያቃጠለኝ ሳቁ አይደለም። ጣቱ ነው። መስመሩን ፈልጎ አልተንከራተተም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ አረፈበት። ሲሸጥልኝም ያውቀው ነበር።

እኔስ? ቅጠል አድርቅ በመጣ ቁጥር ማንኮዜብ ስረጭ የኖርኩ ሰው ነኝ! የፈንገስ ገዳይ መሆኑን አጥቼው ነው? መድኃኒቱ እንደሆነ ክፉውን ፈንገስ ከደጉ የሚለይበት ዓይን የለው። ደግሞ ፓኬቶቹ የወረዱት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ነበር። እጄ ላይ እንደ ዳቦ ሞቀውኝ ነበር። ሕያው ነገር ነው እየተባልኩ ሙቀቱን በእጄ ይዤ ከፈልኩ።

ለማንኛውም፣ እንዲህ ያለውን ስትገዙ ከቀዝቃዛ ቦታ መውጣቱን እዩ፣ ከፈንገስ መድኃኒት ጋር አንድ በርሜል አታግቡት። ጊዜውም ችግኝ ሲተከል ነው፤ አንዴ ያበጠ ሥር አይመለስም፣ ይህንንም አልነገረኝም። ደረሰኝም ተቀበሉ። እኔ "ያለ ደረሰኝ 400 ብር ልቀንስልዎ" ሲለኝ አመስግኜው ነው የወጣሁት።