ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅግጅጋ፦ በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ በአውቶቡስ ወይስ በኮንትራት መኪና?

ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የሚያድርበትን ከተማ ይወስን። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያም የባቡር ጣቢያም የላትም። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከሐረር ጅግጅጋ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ለድሬዳዋ መንገደኛ የሚመቸው ለሐረር መንገደኛ ጣጣ የሚሆነው በዚህች ቀሪ መንገድ ምክንያት ነው።

አውሮፕላን

በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻውና ሻንጣ መጠበቁ ሲታከል ግን ከቤት ወጥቶ ሐረር ለመግባት ግማሽ ቀን ያዙለት። የድሬዳዋ ማረፊያ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ከውጭ የምትመጡ ግን ወደ አገር ቤት የገባችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን በረራ በቅናሽ ታገኛላችሁ፤ ስትገዙ የዓለም አቀፉን ቲኬት ቁጥር ያዙ። ብዙ ሰው የሚቸገረው በሻንጣ ነው፦ የአገር ውስጡ ቲኬት ለብቻው ከተቆረጠ የሚፈቀደው ኪሎ ያንሳል፣ ለትርፉም ይከፈላል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ያለው ሰው ከመነሻው እስከ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ በአንድ ቲኬት ቢገዛ ይሻለዋል። የምትበሩት ኪው 400 በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከሆነ ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ ቦታ ጠባብ ነው፤ ትልቅ የእጅ ሻንጣ አይገባበትም።

ባቡር

ለድሬዳዋ ብቻ ለሚሄድና ቀኑን ማስተካከል ለሚችል ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ባቡሩ የሚነሳው ከድሮው ለገሃር ሳይሆን ከፉሪ ለቡ ነው፤ ከከተማው ዳር ስለሆነ ከቦሌ ወይም ከመገናኛ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ማለዳ መውጣት አለበት። በአዳማ፣ በመተሃራ፣ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል አልፎ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ይደርሳል። በየቀኑ ስለማይነሳ የመመለሻውን ቀን ሳታጣሩ የሄዳችሁ እንደሆነ ያለ ዕቅድ አንድ ሌሊት ትጨምራላችሁ። ቲኬት ለመቁረጥ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ስሙ ሳይዛነፍ መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ።

መቀመጫውና መኝታው ዋጋቸው ይለያያል። መኝታ ያለው ፉርጎ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስድስት ሰው የሚያስተኛውና አራት ሰው የሚያስተኛው። በስድስቱ ውስጥ የላይኛው አልጋ ቀና ብሎ ለመቀመጥ አይመችም፤ አዛውንት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው የታችኛውን ይጠይቅ። ምግብና ውሃ ከቤት ያዙ። ተቀጣጣይ ነገርና ስለት በፍተሻ ይቀራል።

የሚዘገይበት ምክንያት ይታወቃል። መስመሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩ ባለበት ይቆማል፤ በአርብቶ አደሩ አገር ደግሞ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባሉ። ስለዚህ በዚያው ምሽት በረራ ወይም ቀጠሮ አታስከትሉበት። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከከተማው ውጭ ነው፤ ባቡሩ እንደደረሰ ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ስለሚፈልግ ዋጋ ይወደዳል። ሐረር የሚቀጥል ሰው በጨለማ ደንገጎን ከመውጣት ድሬዳዋ አድሮ በጠዋት ቢነሳ ይመረጣል።

አውቶቡስ

ሐረር ለሚገባ ሰው ልዩ አውቶቡስ ከባቡር ይበልጣል፤ ሳያቀያይር እዚያው ያደርሰዋል። ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ቁጥር ያለው ወንበር ይሰጣል፣ በአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) እና በቁልቢ በኩል ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ከመናኸሪያ የሚነሳው መደበኛ አውቶቡስ ይረክሳል፤ ግን በየከተማው ስለሚያወርድና ስለሚጭን በሰዓቱ አይተማመኑበትም።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ሲሄዱ የግራውን ወንበር፣ ሲመለሱ የቀኙን ያዙ፤ መተሃራና አዋሽ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ክረምት ላይ ከፍታው ጉም ይለብሳል።

መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል። ምክንያቱ የኮንትሮባንድ ፍተሻ ነው፤ አዋሽ ኬላ ላይ ሁሉም ወርዶ ዕቃ ይበረበራል። ከጅግጅጋ ወይም ከድሬዳዋ ኤሌክትሮኒክስና ልብስ የገዛ ሰው ደረሰኙን በእጁ ይያዝ። የማያውቁትን ሰው ዕቃ «የእኔ ነው» ብሎ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወረሰውም የሚጠየቀውም በያዘው ሰው ስም ነው።

አባዱላ የሚባለው ሚኒባስ ፈጣን ነው የሚሉ አሉ። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ ግን በዚህ መስመር የጅቡቲ ተሳቢዎችና ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ይርመሰመሳሉ፣ በዚህ መሃል የሚቀዳደም ሚኒባስ ለረጅም ጉዞ አንመክርም። ከድሬዳዋ ሐረር ግን ሌላ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ናት፣ ሚኒባሱ ሲሞላ ይነሳል፣ በቂ አማራጭም አለ፤ ሳይመሽ መሄድ ብቻ ነው።

የኮንትራት መኪና

ሦስት አራት ሰው ሆኖ አዋሽ ፓርክን፣ ቁልቢን፣ ሐረርንና ባቢሌን በአንድ ዙር ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው፤ በሌላው መጓጓዣ አዋሽ ላይ ወርዶ ፓርኩን መጎብኘት ያስቸግራል። ዋናው መንገድ አስፋልት ስለሆነ የቤት መኪና ይበቃል። ጂፕ የሚያስፈልገው ፓርኩ ውስጥና የባቢሌ ዝሆኖች ያሉበት ስፍራ ለሚገባ ነው። ከመነሳት በፊት በጽሑፍ ይታወቅ፦ ነዳጁ የማን ነው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? የሾፌሩ አበልና ማደሪያስ? መኪናው ባዶውን ቢመለስ ማን ይከፍላል? ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬን ብቻ የያዘ ሰው ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። ነዳጅ በየከተማው ሁሌ ስለማይገኝ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው።

በማናቸውም የየብስ ጉዞ ከመተሃራ እስከ ሚኤሶ ያለው መንገድ አንዳንዴ በጸጥታ ችግር ይዘጋል፤ ከዋዜማው ምሽት ለአውቶቡስ ቢሮው ደውሉ። ለቁልቢ ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ መንገዱ በእግረኛና በመኪና ስለሚጨናነቅ ቲኬትም አልጋም አስቀድመው ያዙ። በዚያ ሰሞን ሐረር ብቻ የሚፈልግ ሰው በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገብቶ ከዚያ ቢወጣ ጭንቅንቁ ይቀልለታል። ጅግጅጋ ለሚሄድ በቀጥታ መብረር ይሻላል፤ ከሐረር የሚቀጥል ግን በባቢሌ በኩል ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፣ በመንገዱ ላይ ኬላ ስላለ መታወቂያው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን።