ሐምራዊው ፈሳሽና ባለ አራት ጉድጓዱ ሰሃን፦ የካሊፎርኒያ የማስታይተስ መመርመሪያ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

በሆለታ አካባቢ ስድስት የተዳቀሉ የወተት ላሞች አሉኝ። የካሊፎርኒያ የማስታይተስ (የግት ብግነት በሽታ) መመርመሪያ የሚባለውን ዕቃ የገዛሁት የዛሬ ዓመት ሲሆን፣ የገዛሁትም አንደኛዋ ላሜ ቦራ ምንም የሕመም ምልክት ሳይታይባት ወተቷ በየሳምንቱ እየቀነሰ በመሄዱ ነው። ግቷ አላበጠም፤ ስትታለብ አትራገጥም፤ ወተቷም ለዓይን ንጹሕ ነበር። መኖው ነው ብዬ ፉሩሽካና ፋጉሎ ጨመርኩላት፤ ለውጥ ግን አላመጣም።

ዕቃው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እጀታ ያለው ባለ አራት ጉድጓድ የፕላስቲክ ሰሃንና ከውሃ ጋር ተበጥብጦ የሚሠራ ሐምራዊ ፈሳሽ። ዘዴውን ሻልምና ኑርላንደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካስተዋወቁት ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ጡት በተሕዋስያን ሲጠቃ የላሟ ሰውነት ነጭ የደም ሴሎችን ወደዚያ ይልካል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው የሳሙና ዓይነት ንጥረ ነገር የእነዚህን ሴሎች ሽፋን ሲያፈርሰው በውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ይወጣና ወተቱን እንደ ተልባ ያዝለገልገዋል። ሴሎቹ በበዙ መጠን ዝልግልጉም ይወፍራል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ከጡቱ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ወተት ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ሳህን ላይ አልቦ ጓጓላ አለመኖሩን ካዩ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ጡት 3 ሚሊ ሊትር ያህል ወደየራሱ ጉድጓድ ማለብ፣ በዚያው መጠን ፈሳሹን መጨመርና ሰሃኑን ለ10 ሰከንድ ያህል በዝግታ ማዟዟር ነው። ውጤቱ ቆይቶ ስለሚጠፋ እዚያው እያዟዟሩ ማንበብ ያስፈልጋል። ቦራን የመረመርኩ ዕለት ሦስቱ ጉድጓዶች እንደ ውሃ ሲንሸራሸሩ፣ የኋላ ግራ ጡቷ ወተት ግን መሐል ላይ ተሰብስቦ እንደ እንቁላል ነጭ ቆመ። ይህ 3 ተብሎ የሚመዘገበው የመጨረሻው ደረጃ ሲሆን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሴሎች እንዳሉ ያመለክታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለጥሬ ላም ወተት የፈቀደው ጣሪያ 400,000 ነው። ወራት ሙሉ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሳየኝ ይህ ዕቃ በመሆኑ፣ ስለ ጉድለቶቹ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን ውለታ ሳልረሳ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ውጤቱ በአንባቢው ዓይን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ከፍተኛዎቹን ደረጃዎች ማንም አይስታቸውም፤ ነገር ግን ጥርጣሬ የሚባለውን ስስ ዝልግልግ፣ እያዟዟሩት የሚጠፋውን፣ ንጋት ላይ በባትሪ ብርሃን በረት ውስጥ መለየት አስቸጋሪ ነው። እኔ አለ ስል አላቢዬ የለም ያለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አሁን ምርመራውን ወደ ማታው አለባ አዛውሬዋለሁ፤ ገና ፀሐይ ሳለ ይጠናቀቃል። ቀለሙ ጠቆር ማለቱን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል፤ ዋናው ምልክት መወፈሩ ነው። ሁለተኛው፣ አብሮት የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ መሆኑ ነው፤ በረት ውስጥ የሚውለው አላቢ ሊያነበው ካልቻለ ለማን እንደተጻፈ አይገባኝም። በዚህም ምክንያት አንድ ጎረቤቴ በወለደች በሁለተኛ ቀኗ ያለችውን ላም መርምሮ አራቱም ጡቶቿ ታመሙ ብሎ ደንግጦ ነበር። የእንገር ወተት በተፈጥሮው ሴል ይበዛበታል፤ ልትነጥፍ የተቃረበች ላም ወተትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዕቃው የትኛው ጡት እንደታመመ እንጂ የትኛው ተሕዋስ እንዳሳመመው አለመናገሩ ነው። ገዢ ሁሉ ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሰሃኑ ላይ ዝልግልግ ባዩ ማግሥት ከመድኃኒት መደብር በጡት ቀዳዳ የሚገባ ፀረ ተሕዋስያን ገዝቶ መስጠት በእኛ ዘንድ ተለምዷል። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲያ የሚባለው ተሕዋስ ያመጣው ሕመም በፔኒሲሊን በደንብ ሲድን፣ ስታፊሎኮከስ አውሬስ የሚባለው ሌላው ተሕዋስ ግን በግቷ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ መድኃኒቱን ስለሚያመልጥ ገንዘቡም ወተቱም በከንቱ ይቀራል። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት እስከ ተወሰነው ቀን ድረስ መደፋት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። እኔ የቦራን ወተት በንጹሕ ብልቃጥ ወደ ቤተ ሙከራ አስልኬ ውጤቱን ከሰማሁ በኋላ፣ ሐኪሙ በመከረኝ መሠረት እስክትነጥፍ ጠብቄ በምትነጥፍበት ዕለት የሚሰጠውን ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት አሰጠኋት። እስከዚያው በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ መጨረሻ የምትታለበው እሷ ነበረች።

ዋጋው ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ አንድ ቁጥር መጥቀሱ አይጠቅምም፤ ፍጆታውን ግን ልንገራችሁ። ለአንድ ላም 12 ሚሊ ሊትር ስለሚበቃ፣ አንድ ሊትር የተበጠበጠ ፈሳሽ ስድስቱን ላሞቼን ለ13 ዙር ያስመረምረኛል። በየወሩ አንዴ እመረምራለሁ፤ በዐቢይ ጾም ገበያው ቀዝቅዞ አለባ ሲዘለልና ወተት ግት ውስጥ ሲያድር ደግሞ ሁለቴ። ፈሳሹን ማግኘት ያልቻለ ሰው በፓኪስታን እንደተሞከረው 3 በመቶ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በውሃ በጥብጦ በእኩል መጠን ቢጠቀም ተመሳሳይ መዝለግለግ ያያል፤ እንደ ፋብሪካው ፈሳሽ የቀለም ምልክት ግን አይኖረውም። የመረመሩበትን ወተት በረት ወለል ላይ አለመድፋት፣ ሰሃኑንም በየላሙ መካከል በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ግድ ነው።

በሽታውን የቀነሰልኝ ግን ሰሃኑ አይደለም። ለስድስቱ ላሞች በአንድ ፎጣ መጠቀም መተዉ፣ ከአለባ በኋላ ጡትን አዮዲን ውስጥ መንከሩና የጡት ቀዳዳ እስኪዘጋ ሳይተኙ እንዲቆዩ ድርቆሽ ፊታቸው ማድረጉ ነው። ሰሃኑ ይህ ድካም ፍሬ ማፍራቱን በየወሩ ይነግረኛል፤ ስለዚህም ፈሳሹ ሲያልቅ ደግሜ እገዛዋለሁ። ቦራ ከወለደች ገና ሦስት ቀኗ በመሆኑ እንገሯ እስኪያልቅ ሰሃኑን አላስጠጋሁባትም።