ለወንድሜ እንቅልፉን ለመለሰችለት ነርስ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በተለይ እንግሊዝ አገር ለምትኖሩና ሰው ታሞባችሁ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ለገባባችሁ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ በብርዱ ወቅት ከባድ የሳንባ ምች ይዞት ለንደን ውስጥ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። በመድኃኒት አስተኝተው በመሣሪያ ሲያስተነፍሱት ሰነበቱ። ቱቦውም ስክሪኑም ምን እንደሚሠራ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ተረፈልን። ቤት ሲገባ ዘመድ ወዳጁ "እንኳን እግዚአብሔር ማረህ" እያለ መጣ፤ ቡና ተፈላ፤ እልል አልን።

መከራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አይተኛም። መብራት ሲጠፋ ይጮኻል። ማይክሮዌቭ ጢጥ ባለ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል። አንድ ሌሊት ሁለት እጁን ዘርግቶልኝ "አስረውኝ ነበር እኮ" አለኝ። ወንድሜ የመጣው በሊቢያ በኩል ነው። እዚያ የደረሰበትን ለማንም ዘርዝሮ አያውቅም። አይሲዩ ተኝቶ ሳለ ግን ሊቢያ ነበር። ነርሶቹ ጠባቂዎች ሆነውበታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስሙን ስጠራው፣ እሱ የሰማው ገንዘብ ላኩ እያሉ ሲያስደውሉት የነበረውን የዚያን ጊዜ ለቅሶዬን ነው።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ቦታ "መትረፉ ራሱ ዕድል ነው፣ ቀስ በቀስ ይለቀዋል" ብለው ወንበሩ ሳይሞቅ ሸኙን። ሌላው የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈለት፤ ቅዠቱ ባሰበት። ከሁሉ የቆጨኝ ግን የስልክ አስተርጓሚው ነው። ወንድሜ እያለቀሰ የተናገረውን ሁሉ "ሌሊት ሌሊት ይቃዣል" ብሎ ጨረሰው። ሐኪሙም ያንኑ ጻፈ። አለቀ። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ አልቅሻለሁ። ከእኛው ሰውም "ልጁ ነካ አድርጎታል" የሚል አልጠፋም። ጸበል ወሰድነው። ቄሱ ጸልየውለት ሲያበቁ "ሐኪም መፈለጉንም አትተዉ" አሉን። እሳቸውንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ከዚያ ተኝቶበት ከነበረው አይሲዩ ለክትትል የሚጠራ ደብዳቤ መጣ። ነርሷን ያገኘናት እዚያ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀችው "እዚህ ተኝተህ ሳለ ምን ምን አየህ?" ብላ ነው። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አስተርጓሚው ሲያሳጥርባት አስቆመችው፤ "እሱ ብዙ ነው ያወራው፣ ሁሉንም ንገረኝ" አለች። ሰምታ ስትጨርስ አላበድክም አለችው። ደሊሪየም ይባላል፤ አእምሮ ለጊዜው ሲምታታ ማለት ነው፤ ሕመሙ ሲጠና፣ ማስተኛ መድኃኒቱና እንቅልፍ ማጣቱ ሲደራረብ በብዙ የአይሲዩ ታካሚ ላይ ይደርሳል። ቀድሞ ክፉ ያየ ሰው ደግሞ ያንኑ መልሶ ሊያይ ይችላል።

በሌላ ቀጠሮ ወደዚያው ክፍል ወሰደችው። በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለ። አላጣደፈችውም፤ አብራው ቆመች። ሲገባ ጢጥ የሚለው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አሳየችው። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ እንደ ቦክሰኛ ጓንት ያበጠ ነጭ ጓንት አወጣች። "እጅህ ላይ የነበረው ይሄ ነው። ቱቦህን እየጎተትክ ስታስቸግር ያደረግንልህ እኛ ነን። እንደዚያ ስላስፈራህ አዝናለሁ" አለችው። ወንድሜ ተቀብሎ አገላበጠው። እጁን አስገባ፣ አወጣ። ደግሞ አስገባ። "ይወልቃል እኮ!" አለኝ ዞሮ።

ነርሶቹ በየቀኑ የጻፉለት ማስታወሻ ደብተርም ነበር። ይህ ልማድ ከስካንዲኔቪያ አገሮች የመጣ ነው አለችን፤ ታካሚው ከትዝታው የጠፉበትን ቀናት እንዲያገኝ ነው። አንዱ ገጽ ላይ "ዛሬ እህትህ እግርህን ቅባት ቀባችህ፣ በቋንቋችሁ ብዙ አወራችህ" ይላል። ያንን ገጽ ደጋግሞ አስነበባት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞራ "አንቺስ ትተኛለሽ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤተሰብም በዚህ እንደሚታመም ያወቅሁት ከእሷ ነው።

በኋላ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መራችው፤ እስካሁን ይከታተላል። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይነቃል። ግን መብራት ሳያበራ ተመልሶ ይተኛል!

ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። እናንተ ግን እባካችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝ የጤና መመሪያ መሠረት፣ አይሲዩ ከ4 ቀን በላይ የቆየና የከፋ ጉዳት ያሰጋዋል የተባለ ሰው ከክፍሉ ከወጣ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ሊታይ ይገባል። የክትትል ክሊኒኩ በየሆስፒታሉ የለም፤ ደብዳቤው ካልመጣ ራሳችሁ ደውሉ። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ አሳጥሮ ከተረጎመ ሌላ ይምጣ በሉ። በ2005 የተቋቋመው አይሲዩ ስቴፕስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም ይረዳል፤ የመሠረቱት ራሳቸው ታካሚ የነበሩ፣ ቤተሰቦቻቸውና የአይሲዩ ሠራተኞች ናቸው። አገር ቤት ያላችሁ፣ ሰው ስታስታምሙ ደብተር ይዛችሁ የቀኑን ጻፉለት። ሲነቃ ይፈልገዋል። ደግሞ "አብዷል" አትበሉ፣ በፈጠራችሁ።

እህቴ፣ ይህን ማንበብ ባትችይም አስተርጉሜ እሰጥሻለሁ። እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽ ይደጉልሽ። ውለታሽን እኔ አልችለውም፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ።

ለክትትሉ ምን ብሎ መደወል እንደሚቻል የቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አብሬያችሁ እደውላለሁ።