ሪኩዌስትስ፦ ዳታ ተሸክሞ ወደ ኤፒአይ የሚሄደው የፓይተን ላይብረሪ ሲፈተሽ

ከፓይተን ፕሮግራም ወደ ዌብ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች በኢንተርኔት ዳታ የሚለዋወጡበት መግቢያ) ዳታ ለመላክ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ዩአርኤልሊብ የተባለ ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ይበቃል፤ ነገር ግን ዳታውን ጄሶን ወደተባለው የጽሑፍ ቅርጽ መለወጡም፣ ጽሑፉን ወደ ባይት መቀየሩም፣ የዳታውን ዓይነት ለሰርቨሩ የሚነግረውን ሄደር መጻፉም የፕሮግራመሩ ድርሻ ይሆናል። ኬኔዝ ራይትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሪኩዌስትስ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ኮድ ይጨርሰዋል። በእኔ እምነት ኤፒአይ መጠቀም ለሚጀምር ሰው ዛሬም ከእሱ የሚቀድም ላይብረሪ የለም፤ የቦዲ (በጥያቄው ውስጥ የሚሄደው ዳታ) አላላኩን ጠንቅቆ ማወቅ ግን የግድ ነው።

ፖስት የተባለው ፈንክሽን ቦዲውን በ«ዳታ» ወይም በ«ጄሶን» ፓራሜትር ይቀበላል። አንድን ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋን አጣምሮ የሚይዝ የፓይተን ዳታ) በ«ዳታ» ከሰጠነው እንደ ዌብ ፎርም አድርጎ ይልከዋል፤ ጄሶን የሚጠብቅ ሰርቨርም ብዙ ጊዜ በ400 (ጥያቄው ትክክል አይደለም በሚል) ስህተት ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስሪት 2.4.2 የተጨመረው «ጄሶን» ግን ዲክሽነሪውን ራሱ ለውጦ የኮንቴንት ታይፕ ሄደሩንም ያስገባል። ሁለቱም በአንድ ጥሪ ውስጥ ከተሰጡ «ጄሶን» ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይተዋል። እንዲህ ያለው ዝምታ ስህተት ፈላጊን የሚያደክም በመሆኑ ላይብረሪው ቢያንስ መልእክት ማሳየት ነበረበት እላለሁ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ዋናው ጉዳይ ፊደሉ ነው። ለምሳሌ በቴሌግራም ቦት በኩል «ሰላም» የሚል መልእክት በ«ጄሶን» ብንልክ፣ ላይብረሪው እያንዳንዱን ፊደል በስድስት የአስኪ (መሠረታዊ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ስብስብ) ምልክቶች ይተካዋል፤ «ሰ» ለምሳሌ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ፣ «ዩ» የሚል የላቲን ፊደልና 1230 የሚል ቁጥር ሆኖ ይጓዛል። ተቀባዩ ጄሶኑን ሲፈታው ጽሑፉ ሳይጎድል ይመለሳልና መልእክቱ አይበላሽም፤ ሆኖም የየትኛውንም ቋንቋ ፊደል ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ዘዴ 9 ባይት የሚይዘው ቃል 18 ባይት ይሆናል፤ ረጅም ጽሑፍ በሞባይል ዳታ ለሚልክ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ጄሶኑን ራሳችን አዘጋጅተን በ«ዳታ» ስንልክ ደግሞ ሄደሩን መጻፍ የእኛ ፋንታ ሲሆን፣ ሪኩዌስትስ ከውስጥ ከሚጠቀምበት ዩአርኤልሊብ3 ከተባለ ላይብረሪ የመጀመሪያ ትውልድ ጋር በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛውን የአማርኛ ፊደል በሌለው ላቲን-1 በተባለ ዘዴ ወደ ባይት ለመቀየር ሞክሮ በስህተት ያቆማል። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ በዩቲኤፍ-8 ወደ ባይት መቀየር በየትኛውም ስሪት የሚያዋጣ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን ታይምአውት (መልስ የሚጠበቅበት የጊዜ ገደብ) ካልተሰጠው ላይብረሪው በራሱ የጊዜ ገደብ የሌለው መሆኑ ነው። ሰርቨሩ መልስ ካልሰጠ ፕሮግራሙ ቆሞ ይቀራል። በክፍያ ሥራ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ታይምአውት ጽፈን እንኳ ጊዜው ሲያልፍ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋር ደርሶ ይሁን ሳይደርስ አናውቅም፣ ደግመን ከላክነው ደግሞ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ሪኩዌስትስ ያልተሳካ ጥያቄን በራሱ ደጋግሞ አለመላኩን የምደግፈው ለዚህ ነው። እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ኤፒአዮች የማይደገም የግብይት መለያ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ መለያውን ከመላክ በፊት በዳታቤዝ መዝግቦ፣ ጥርጣሬ ሲፈጠር በዚያው መለያ ማጣራት ይገባል።

ሰርቨሩ የመለሰውን 400 ወይም 500 (የሰርቨሩ የራሱ ችግር) ላይብረሪው እንደ ስህተት አያነሳውም፤ ይህን የሚያደርገውን ሬይዝ ፎር ስቴተስ የተባለ ፈንክሽን መጥራት ያስፈልጋል።

ብዙ ጥያቄዎችን በኤሲንክ ኮድ (አንዱን መልስ ሳይጠብቅ ሌላውን ሥራ በሚቀጥል ኮድ) በአንድ ጊዜ መላክ ለሚፈልግ ሰው ኤችቲቲፒኤክስ የተባለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ እመርጥለታለሁ። ያልተነገረውም ቢሆን 5 ሰከንድ ታይምአውት አለው፤ ከስሪት 0.28 ጀምሮም በጄሶን ውስጥ ያለውን አማርኛ በዩቲኤፍ-8 እንዳለ ይልካል። ለአጭር ስክሪፕት፣ ለቦትና ለመማሪያ ግን፣ ታይምአውት በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ እስከተጻፈ ድረስ፣ ምርጫዬ ሪኩዌስትስ ነው።