ደሴ ላይ «ሙሉ ፊልም» ከመግዛታችሁ በፊት መጨረሻውን ክፈቱ

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፊልም ጫኝ ሱቆች በአንዱ፣ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከነምርጥ የድሮ ፊልሞቹ በ850 ብር ገዛሁ። ከመክፈሌ በፊት ሻጩ የአንዱን ፊልም መጀመሪያ አሳየኝ። እኔም ረካሁ። መጀመሪያውንማ ማን ያበላሸዋል!

ማታ ቡና ተፈልቶ ከእናቴ ጋር የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ከፈትን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የወጣ ስለሆነ ታሪኩን ብናገር የሚቀየመኝ አይኖርም። ሴትዮዋ ባንክ እንድታስገባ የተሰጣትን 40 ሺህ ዶላር ይዛ ትጠፋለች፤ መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ገብታ ገላዋን ስትታጠብ ቢላዋ ይመጣባታል። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች።

«አይዞሽ እማዬ፣ ደሙ ፈሳሽ ቸኮሌት ነው» አልኳት። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ማን ይለየዋል? የቢላዋው ድምፅም ሜሎን ሲወጋ የተቀዳ ነው። አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ሞት ሰባት ቀን ቀርጸዋል ስላት ግን ተቆጣች። «ሰባት ቀን ሙሉ ሲገድሏት ከረሙ?»

ከዚያ ውሃው በፍሳሹ ቀዳዳ እየተሽከረከረ ይወርድና ካሜራው የሟቿ ዓይን ላይ ያርፋል። ዓይኗ ፈጦ ቀረ። እኛም አፍጥጠን ጠበቅን። አቦሉ አልቆ ቶናው ቀረበ፤ ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው። እኔ ደግሞ ይህ የዳይሬክተሩ ጥበብ መሆኑን ለእናቴ አብራራ ነበር። ለካስ ፊልሙ ቆሟል።

በማግስቱ ስመልስለት ሻጩ «አብሽር ወንድሜ፣ ዋናዋ ተዋናይ ሞታለች አይደል? ሌላ ምን ቀረህ?» አለኝ። የፊልሙ ዝና እኮ ይኸው ነው! ጃኔት ሊ የምትሞተው ከ109 ደቂቃው ግማሹ እንኳን ሳይሞላ ነው። ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን ያሳሰበው፣ አርፍዶ የመጣ ተመልካች እሷን ሲጠብቅ እንዳያመሽ ነበር። እኔ በሰዓቱ ተገኝቼ ግማሹን ተነጠቅሁ።

አንድ ጓደኛዬ በኮምፒውተር ሲፈትሸው ፍላሹ 64 ይበል እንጂ የሚይዘው 8 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የተጫነው ፋይል ስሙ ይታያል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የተለያዩ ፊልሞችን ወደ መጨረሻቸው አሳልፋችሁ ክፈቱ፤ በተለይ በመጨረሻ የተጫኑትን። ደረሰኝም ተቀበሉ። እኔ ስላልያዝኩ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ «ከእኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» ተብያለሁ።

እናቴ አሁንም «ያ ሁሉ ዶላር የት ገባ?» ትለኛለች። ከመኪናዋ ጋር ረግረግ ውስጥ ሰምጧል ብላት አላመነችኝም፤ በዓይኔ ካላየሁ ብላለች።