ዞርኪ 4፦ ከደብረ ማርቆስ የገዛሁት የፊልም ካሜራ

ዞርኪ 4ን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ሻጩ፣ አባቱ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ ያመጡትን ካሜራ ከነቆዳ ማኅደሩ በ7000 ብር ሰጠኝ። ሞዴሉ በሞስኮ አቅራቢያ በምትገኘው በክራስኖጎርስክ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 ድረስ የተመረተ ሲሆን፣ ባትሪም ሆነ የብርሃን መለኪያ የለውም። ብርሃኑን የሚገምተው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው፤ በጥቅምት ጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 400 (ለብርሃን ያለው ስሜት ከፍ ያለ) ፊልም ጎርሶ፣ ኤፍ 16 (ጠባብ የሌንስ ቀዳዳ) እና 1/500 ሰከንድ (ፊልሙ ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) አላሳፈሩኝም።

እኔን የማረከኝ ሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም በርቀቱ ልክ ትኩረት ለማስተካከል የሚረዳው ክፍል ነው። በመመልከቻው መሃል ነገሩ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሌንሱ ሲዞር ሁለቱ ምስሎች እየተቀራረቡ ይመጡና ልክ ሲገጥሙ ትኩረቱ ተስተካከለ ማለት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ ቡና ስታፈላ በመስኮት ብርሃን ብቻ ሞከርሁት። የነጠላዋ ጥለት ድርብ ሆኖ ታየኝ፤ አንድ እስኪሆን ድረስ ሌንሱን ቀስ እያልሁ አዞርሁ። ጁፒተር 8 የተባለው ሌንሱ እስከ ኤፍ 2 ድረስ በሰፊው ስለሚከፈት በ1/30 ሰከንድ አነሣኋት፤ ጥለቱም ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሎ ወጣ። የሚያሳዝነው ሌንሱ ከ1 ሜትር ወዲህ አለማተኮሩ ነው፤ ስኒ የያዙ ጣቶቿን ቀረብ ብዬ ላነሣ ብፈልግም አልሆነም።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፤ የመዝጊያው (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውና የሚከለክለው የጨርቅ መጋረጃ) ፍጥነት የሚመረጠው ፊልሙ ወደፊት ተዙሮ መዝጊያው ከተወጠረ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የውስጡ ማሽን ሊበላሽ ይችላል።

ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤቴ አጥቤ ከእርሱ የወጡትን ፎቶዎች ሳይ፣ በብዙዎቹ ሰማይ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ተደጋግመው አገኘኋቸው። ሌንሱንና የኋላ ክዳኑን ፈትቼ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊት በኩል የእጅ ባትሪ ሳበራ፣ የጨርቁ መዝጊያ መርፌ እንደወጋው ሁሉ ሁለት ቦታ ላይ ብርሃን አሳለፈ። ሌንሱ ሳይከደን ወደ ፀሐይ ዞሮ ሲቀመጥ የፀሐይን ጨረር አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ጨርቁን ያቃጥለዋል። ሻጩ «ምንም እንከን የለውም» ያለኝ ይህን ባለማወቅ ይመስለኛል፤ እኔም አስቀድሜ ብፈትሸው ኖሮ ከ5000 ብር በላይ አልከፍልም ነበር። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ፍተሻ መዝጊያው ተወጥሮም ሳይወጠርም ያድርግ፤ ሁለት መጋረጃዎች ስላሉት በአንዱ ብቻ የተፈተሸ ካሜራ ተፈተሸ አይባልም።

ጥገናው ብዙ ወጪ አልጠየቀኝም። ጥቁር የጨርቅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ሁለት ጊዜ በስሱ ቀባሁት፤ ቀለሙ ከወፈረ ጨርቁ ይደርቅና የመዝጊያው ፍጥነት ይዛባል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በሁለተኛው ፊልም ያነሣኋቸው 36 ፎቶዎች አንድም ነጥብ የለባቸውም።