የቪዛ ተራን በግልጽ የሚያስረዳ የሐዋሳ ቢሮ

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ የቪዛ አማካሪና ፎርም ሞይ ቢሮ ታላቅ እህቴን ያስተናገደበት መንገድ ሊመሰገን ይገባዋል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ወንድማችን ያመለከተላት ሲሆን፣ ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ለምን ለኢንተርቪው እንዳልተጠራች የሚያስረዳት አላገኘችም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ደላላ «ኤምባሲ ሰው አለኝ፣ አስፈጥነዋለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቋታል።

የቢሮው አማካሪ ስለ ክፍያ ከማንሳቱ በፊት የጸደቀበትን ደብዳቤ ተቀብሎ «ፕራዮሪቲ ዴት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን ቀን፣ ማለትም ማመልከቻው ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን የደረሰበትን ዕለት፣ በእርሳስ አከበበው። ከዚያም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣውን የቪዛ ተራ ማስታወቂያ (ቪዛ ቡለቲን) አትሞ፣ የዜጎች ወንድሞችና እህቶች ምድብ ከሆነው ኤፍ 4 ከሚለው መስመር ሥር ማስመሪያ አስደግፎ አነበበላት። ኢትዮጵያ የራሷ ዓምድ ስለሌላት በመጀመሪያው ዓምድ እንደምትታይ፣ ቪዛ የሚገኘውም የእህቴ ቀን እዚያ ከሰፈረው ቀን ሲቀድም ብቻ እንደሆነ አስረዳት። ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሚመደበው ቪዛ 65,000 ገደማ ሆኖ የትዳር ጓደኛና ልጆችም ከዚያው ላይ ስለሚቆጠሩ፣ ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ እንደሚፈጅና የቡለቲኑ ቀን አንዳንዴ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሳይሸፋፍን ነገራት። «ይህን ቀን እኛም ኤምባሲውም አንለውጠውም» ያላት ቃል ከደላላው አድኗታል።

የጎረቤታችን ባለቤት ቶሎ የሄደችበትንም ምክንያት አብራርቶላታል፦ የዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ በዓመታዊ ኮታ አይገደቡም።

ቅር ያሰኘኝ ሁለት ነገር ነው። ቡለቲኑ ሁለት ሰንጠረዥ እያለው፣ ሰነድ ማስገባት የሚጀመርበትን ሁለተኛውን ያሳየን ስንጠይቀው ነው። የእህቴ ልጅ 21 ዓመት ከሞላት ምን እንደሚሆንም በጥድፊያ አልፎታል፤ የቪዛው ተራ ሲደርስ ካላት ዕድሜ ላይ ማመልከቻው ሳይጸድቅ የቆየበት ጊዜ ተቀንሶ እንደሚሰላ በእርጋታ ሊነገራት ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም ልጅቷ ከእናቷ ጋር መሄድ አለመሄዷ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነው።

ክፍያው አስቀድሞ ይነገራል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። በዲቪ ሰሞን ግን ቢሮው ስለሚጨናነቅ ረጋ ያለ ምክር የሚፈልግ ሰው ከዚያ ውጭ ቢሄድ፣ የጸደቀበትን ደብዳቤና የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ይዞ ቢቀርብ እመክራለሁ።